የጭንቀት ዕዳ የማን ነው?



ከጥቂት ዓመታት በፊት በዐቢይ ጾም ሰሞን፣ በመካነ ሰላም ከተማ ባረፍንበት ቤት አንዲት እናት ሊያነጋግሩን መጡ። ከከተማው የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ከሚርቅ ደጋ የተነሡ ሲሆኑ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሚሆነው ልጃቸው አብሯቸው ነበር። ብቻቸውን መንገድ መሄድ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እንደ ነገሩን ከሆነ፣ ገበያ መካከል ቆመው ሳሉ በድንገት ልባቸው ይደልቃል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ እጅና ከንፈራቸው ይደነዝዛል፤ ያችው ደቂቃ የመሞቻቸው ደቂቃ ትመስላቸዋለች። ጥቂት ቆይቶ ይለቃቸዋል፤ ነገር ግን «መቼ ይመለስብኝ ይሆን» የሚለው ሥጋት ቀንም ሌሊትም አይለያቸውም። በመጀመሪያ «ጨጓራ ነው» ተብለው መድኃኒት ዋጡ። ቀጥሎም «ልብ ሊሆን ይችላል» ተብሎ እስከ ደሴ ተጉዘው ተመረመሩ፤ ልባቸው ጤናማ መሆኑ ተነገራቸው። ጠበልም ተጠመቁ። ለዚህ ሁሉ መንከራተት ከሁለቱ የእርሻ በሬዎች አንዱ ተሸጠ።

እኛም ሰምተን ስናበቃ፣ «ልጄ፣ በእግዚአብሔር ታመኚ፣ ጸሎትሽን አጠንክሪ፣ አትጨነቂ» ስንል መከርናቸው። እናቲቱም ዐይናቸውን ወደ መሬት ጥለው፣ «አባ፣ ጸሎቱንማ መች አቋረጥሁት፤ እየጸለይሁ እያለሁ እኮ ነው የሚይዘኝ» አሉን። መልስ አልነበረንም። ተነሥተው ሄዱ፤ ዳግመኛም ወደ እኛ አልመጡም።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን የዚያን ቀን ዝምታችን ነው። ጥያቄያችንም እንዲህ የሚል ነው፤ ከልክ ያለፈ ጭንቀት የታማሚው የግል ጉድለት ነውን? ወይስ በሁላችን ላይ ያለ ዕዳ ነው? ዕዳ ከሆነስ እስከ ዛሬ ሲከፍለው የኖረው ማን ነው?

ተገቢ ፍርሃትና የጭንቀት ሕመም

ፍርሃት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ፈጣሪ ሰው ከአደጋ እንዲጠነቀቅ ሰጥቶታል። ከለጋምቦ እስከ ቦረና፣ ከሳይንት እስከ ወግዲና ከለላ ባለው ደጋ የሚኖር ገበሬ በልጉ ሲዘገይበት ቢሠጋ፣ ሥጋቱ የአእምሮ መታወክ አይደለም፤ ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ያየውን ከወላጆቹ ሰምቷልና። እንደዚሁም በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ልጆቻቸውን አዝለው የተሰደዱ እናቶች መደንገጣቸው ተገቢ ነበር። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ወዲህም በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል በተከፈተው ውጊያ መንገድ ሲዘጋ፣ ትምህርት ቤት ሲቋረጥ፣ የተኩስ ድምፅ ሲሰማ የማይፈራ ቢኖር ይልቁን እርሱ ያሳስባል።

የጭንቀት ሕመም ከዚህ ይለያል። ምክንያቱ ካለፈ በኋላ ፍርሃቱ ሳያልፍ ሲቀር፣ ወይም ከምክንያቱ ጋር የማይመጣጠን ሆኖ ለወራት ሲቆይና ሰውን ከሥራው፣ ከእንቅልፉና ከጎረቤቱ ሲለየው ሕመም ይባላል። መልኩም ብዙ ነው። አንዱ በሁሉም ነገር ላይ ያለ ማቋረጥ ሲሠጋ ይኖራል። ሌላው እንደዚያች እናት በድንገተኛ የፍርሃት ማዕበል ይመታል። ሌላው ደግሞ በሰው ፊት መቆምን፣ መናገርን፣ አልፎ ተርፎም መብላትን ይፈራል። ከጦርነት፣ ከመደፈርና ከመሰል መከራ በኋላ የሚከተለው ሕመም በዛሬው የሐኪሞች አመዳደብ ለብቻው ቢቆጠርም የእነዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው።

በአገራችን ይህ ሕመም በስሙ ሲጠራ እምብዛም አይሰማም። የሚነገረው በሰውነት ቋንቋ ነው፤ «ልቤን ይመታኛል»፣ «ራሴን ያዞረኛል»፣ «ሆዴን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ ነሣኝ» ይባላል። ሰውየው ውሸት አልተናገረም፤ ልቡም በእርግጥ ይመታል። ነገር ግን መርማሪው ልብን ብቻ፣ ጨጓራን ብቻ ሲያይ ሕመሙ ሳይገኝ ይቀራል፤ ታማሚውም ደኅና ነህ ተብሎ ሕመሙን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ዕዳው ከአንድ ቤት እስከ አገር

አሁን ሒሳቡን እንመልከት። ከሁለት በሬ አንዱ የተሸጠበት ቤት ብቻውን ማረስ አይችልም፤ እንደ እርሱ አንድ በሬ ካለው ጎረቤት ጋር መቀናጆ መግባት አለበት። የመቀናጆ ገበሬ ደግሞ ተራ ይጠብቃል። በደጋ የዝናቡ ጊዜ አጭር ስለሆነ አንድ ሳምንት የዘገየ እርሻ በመከር ጊዜ ይታወቃል። የባሰበት መሬቱን ለእኩል ይሰጥና ከገዛ ማሳው ምርቱን ይካፈላል። እንግዲህ በሬው የተሸጠው አንድ ጊዜ ቢሆንም ወጪው በየዓመቱ ይከፈላል ማለት ነው።

ቀጥሎ ወንፈሉ አለ። ወንፈል ዛሬ የተቀበሉትን የጉልበት ቀን ነገ የሚመልሱበት ማኅበር ነው። ከቤት መውጣት የሚያስፈራው ሰው ግን የተሠራለትን ቀን መመለስ አይችልም። ጎረቤቶቹም አንድ ሁለት ጊዜ ይታገሡታል፤ ከዚያ በኋላ ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል። በቅሬውም እንደዚሁ ነው። ለቅሶ ላይ ያልታየ ሰው ምክንያቱ ሳይጠየቅ ይታማል፣ ይቀጣል፤ የኋላ ኋላም ብቻውን ይቀራል። ብቸኝነቱ ደግሞ ሕመሙን ያብሳል።

ልጆችንም አንርሳ። በዚያን ቀን እናቱን ደግፎ የመጣው ልጅ ትምህርቱን ያቋረጠው ከስድስተኛ ክፍል ነበር። እርሱ አልታመመም። ነገር ግን እናቱ ያለ እርሱ ገበያ መውጣት፣ ውኃ መቅዳት፣ ወፍጮ መሄድ ስላልቻሉ የእናቱ ሕመም በእርሱ ትምህርት ተከፈለ። እንዲህ ያለው ወጪ በየትኛውም ሆስፒታል መዝገብ አይገኝም።

በወሎ ሌላም የታወቀ መንገድ አለ። እጅግ ብዙ የዞናችን ሴቶች ልጆች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገሮች ይሄዳሉ። የደላላው ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ በብድር፣ አንዳንዴም በአራጣ የተገኘ ነው። ከጥቅምት 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፣ ከመካከላቸው እንቅልፍ አጥተው፣ በድምፅ የሚደነግጡ፣ ሰው የሚሸሹ ሆነው የመጡ ነበሩ። ቤተሰቡ ብር ሲጠብቅ ታማሚ ተቀበለ፤ ብድሩ ግን አልቀረም። «የልጅቱ ስም እንዳይጠፋ፣ ባል እንዳታጣ» በሚል ሕመሙ ተደብቆ በጓዳ የቀረችም አለች።

ፍርሃቱን ለማስታገሥ አረቄና ጫት የሚይዘውም ጥቂት አይደለም። አረቄ ለአንድ ሌሊት ያስተኛል፤ በማግሥቱ ግን ልብን ይበልጥ ያስደነግጣል። ጫትም ለጊዜው ያነቃቃል፣ እንቅልፍን ግን ይነሣል። በዚህ ላይ የቤቱን ገንዘብ ይወስዳሉ።

ይህ በየቤቱ ተበትኖ የሚገኘው ወጪ ሲደመር ምን ያህል ይሆናል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ 301 ሚሊዮን ሰዎች ከጭንቀት ሕመም ጋር ይኖሩ እንደነበር አስታውቋል። ጭንቀትና የመንፈስ መደቆስ በአንድነት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን እንደሚያሳጡና ዓለምን አንድ ትሪሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ምርት እንደሚያስቀሩባት ይኸው ድርጅት ይገልጻል። ሕክምና የሚያገኘው ከአራት የጭንቀት ታማሚዎች አንዱ ገደማ ብቻ ነው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ለእነዚህ ሁለት ሕመሞች ሕክምና የሚወጣ እያንዳንዱ ዶላር በተሻለ ጤናና በሥራ ችሎታ አራት ዶላር እንደሚመልስ አሳይቷል። የመካነ ሰላም ገበሬ በዶላር ባይቆጥርም የተሸጠውን በሬና የቀረውን የእርሻ ቀን መቁጠር ያውቃል።

ጥፋት ነውን?

ከዚህ ወደ ሥነ ምግባሩ ጥያቄ እንሻገር። ጌታችን በተራራው ስብከት ስለ ነገ እንዳንጨነቅ አስተምሮናል። ሐዋርያው ጴጥሮስም ጭንቀታችንን ሁሉ በእግዚአብሔር ላይ እንድንጥል ይመክረናል። ታዲያ የሚጨነቅ ሰው ትእዛዝ ተላላፊ ነውን? ብዙ ታማሚዎች በንስሐ ወንበር ፊት ጭንቀታቸውን እንደ ኃጢአት ሲናዘዙ ሰምተናል።

የጌታችንን ቃል ለማን እንደ ተናገረው መመልከት ይገባል። ቃሉ በልብሱና በመብሉ ክምችት ልቡን ላሰረ ሰው ተግሣጽ ነው፤ ለተጨነቀ ድኻ ግን አባት እንዳለው የሚነግር ማጽናኛ ነው። ማጽናኛውን ወስዶ በታማሚው ራስ ላይ እንደ በትር ማሳረፍ ቃሉን ከቦታው ማንሣት ነው። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ በታላቅ ጭንቀት ላይ ሳለ እንደ ጸለየና ላቡም እንደ ደም ነጠብጣብ እንደ ወረደ ወንጌላዊው ሉቃስ ጽፎልናል። እንግዲያውስ በጸሎት መካከል መጨነቅ የእምነት ማጣት ምልክት ነው ማለት አይቻልም። እናቲቱ ያስተማሩን ይህንኑ ነበር።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርትም በዚህ ረገድ ግልጽ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስ በቁጥር 1735 ስለ ሰው ኃላፊነት ሲናገር፣ ፍርሃትና ሌሎች የአእምሮና የማኅበራዊ ኑሮ ምክንያቶች ተጠያቂነትን ሊቀንሱ፣ እንዲያውም ሊያስቀሩ እንደሚችሉ ያስረዳል። በ13ኛው መቶ ዓመት የኖረው ቅዱስ ቶማስ ዘአኩይኖ ሐዘንን ስለሚያቀሉ ነገሮች ባስተማረበት ክፍል እውነትን ማሰላሰልን ካነሣ በኋላ እንቅልፍንና ገላን መታጠብንም ጨምሮ ቆጥሯል። ነፍስ ከሥጋ ጋር አንድ ሆና የተፈጠረች ስለሆነች የሥጋ ዕረፍት ለነፍስም እንደሚተርፍ ያውቅ ነበርና። ቅዱስ ኢግናጥዮስ ዘሎዮላም እ.ኤ.አ. በ1522 በማንሬሳ ሳለ ኃጢአቱን ደጋግሞ እየተናዘዘ ዕረፍት ያጣበት የኅሊና ጭንቀት ደርሶበት ነበር። ቅድስና ከዚህ ዓይነቱ ፈተና አላዳነውም፤ ፈተናውም ከቅድስና አላስቀረውም።

ነቢዩ ኤልያስም ከኤልዛቤል ሸሽቶ በዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን በለመነ ጊዜ፣ መልአኩ ስለ እምነቱ አልወቀሰውም። ቀሰቀሰው፣ እንጎቻና ውኃ አቀረበለት፣ ዳግመኛም እንዲተኛ ተወው። ስለ ቀጣዩ ሥራው የተነጋገሩት ከዚያ በኋላ ነው። የመምህራንና የካህናት አገልግሎት ቅደም ተከተል ከዚህ ቢወሰድ መልካም ይመስለናል።

ሁለት ተቃውሞዎች

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ ሁለቱም የሚናቁ አይደሉም።

የመጀመሪያው፣ «ይህ ትምህርት ሰነፉን ምክንያት አያስይዘውምን? ከወንፈል የቀረ ሁሉ ታምሜ ነው አይልምን?» የሚል ነው። በመክሊቱ ምሳሌ ሦስተኛው አገልጋይ መክሊቱን በምድር የቀበረው ፈርቶ እንደ ነበረ ተናግሯል፤ ጌታውም አልተቀበለውም። ነገር ግን ሰነፍና ታማሚ በአንድ ነገር ይለያሉ። ሰነፍ ሥራውን ሲያመልጥ ያርፋል፤ የጭንቀት ታማሚ ግን ከሥራው በቀረበት ቀን እንኳ አያርፍም፤ መውጣት እየፈለገ አይችልም፣ ባለመውጣቱም ያፍራል። ይህን ለመለየት አብሮ መቀመጥና መስማት ያስፈልጋል እንጂ ከሩቅ መፍረድ አይበቃም። በተጨማሪም የሕመም ሕክምና ሰውየውን ከቤት እንዲቀመጥ አይመክርም። ባለሙያዎች ታማሚው የሚፈራውን ነገር ቀስ በቀስ፣ ከትንሹ ጀምሮ እንዲለማመደው ያግዙታል። ስለዚህ እውነተኛው ሕክምና ሰውን ወደ ሥራው ይመልሳል። ያ ምሳሌም አስቀድሞ የሚመለከተን ዐቅሙ ያለንን ነው፤ «ሰው ምን ይለናል» ብለን የምናውቀውን የምንቀብር እኛ ነንና።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። «በወሎ ደጋ ጭንቀትን ያመጡት ድህነት፣ ድርቅና ጦርነት ናቸው። ሰላምና እህል ሳይሰጡ መድኃኒት መስጠት ቧልት አይደለምን?» የሚል ነው። በእርግጥም የሰላም እጦትን በእንክብል ማከም አይቻልም። ድሆች ሰላምንና ፍትሕን እንዲያጡ ያደረገ ሁሉ ከጭንቀታቸው ዕዳ ድርሻ አለበት፤ ይህንንም መናገር ይገባል። ሆኖም ድህነትና ጭንቀት እርስ በርሳቸው ይመጋገባሉ። ድህነት ጭንቀትን ይወልዳል፤ ጭንቀትም በሬ እያስሸጠ ድህነትን ይወልዳል። ክቡ በአንድ በኩል ከተቆረጠ ይላላል። ዝናቡን እስኪመጣ የምንጠብቅ ቢሆንም ታማሚው ዝናቡ ሲመጣ የሚያርስበት ጉልበት እንዲኖረው ማድረግ ግን ዛሬ ይቻላል።

ከእኛ የሚጠበቀው

እንግዲህ ዕዳው የማን ነው? እስከ ዛሬ የከፈሉት ድኻው ቤት፣ ያቋረጠው ተማሪና በጓዳ የቀረችው ልጅ ናቸው። ከዕዳው ጥቂቱን ተረክበን አልከፈልንም። ስለዚህ ድርሻችንን በየደረጃው መለየት ይገባናል።

የመንግሥት ድርሻ አለ። በአዲስ አበባ የሚገኘው የአማኑኤል ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ይህ አገልግሎት በየጤና ጣቢያው ከሌላው ሕክምና ጋር እንዲሰጥ አቅዷል። ዕቅዱ መልካም ነው፤ የደጋው ሕዝብ የሚጠይቀው የሠለጠነ ባለሙያና የማይቋረጥ መድኃኒት በአጠገቡ እንዲገኝ ነው። ደሴ ለመድረስ በአቀስታና በጉጉፍቱ ብርድ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ፣ ያውም መንገዱ በሚዘጋበት ዘመን፣ ለብዙዎች የማይቻል ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ከዞናችን የተሁለደሬ ወረዳ አንዱ ነበር። በመድኑ የታቀፈ ሰው ጥቅሙን ለአእምሮ ሕመምም ሊጠይቅበት እንደሚገባ ምእመናን ሊነገራቸው ይገባል።

የጎረቤት ድርሻም አለ። ወንፈሉና ቅሬው የወሎ ሕዝብ፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ መከራን በጋራ የተሸከመባቸው ማኅበራት ናቸው። የሰውነት ሕመምተኛን ማሳ በደቦ የሚያርስ ቅሬ የአእምሮ ሕመምተኛንም ማሳ ቢያርስ ከልማዱ አይወጣም። የሚጎድለው ሕመሙን ሕመም ብሎ መቀበል ብቻ ነው።

የእናንተ፣ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ድርሻ ደግሞ ከሁሉ ይቀርባል፤ ቤት ለቤት የምትደርሱት እናንተ ናችሁና። ጥቂት ነገሮችን እናሳስባችኋለን። በመጀመሪያ አድምጡ፤ ምክር ለመስጠት አትቸኩሉ። ታማሚውን አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ምሩት፤ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ከመጠን በላይ መሥራትና ሌሎችም ሕመሞች ልብን ሊያስደልቁ ስለሚችሉ መመርመር ይገባል። ሲመረመርም ፍርሃቱንና እንቅልፍ ማጣቱን እንዳይደብቅ አበረታቱት። መድኃኒት ከታዘዘለት ብዙውን ጊዜ ውጤቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ መሆኑን ንገሩት፤ በሦስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ እንዳይተወው፣ ሲሻለውም ሐኪሙን ሳያማክር እንዳያቋርጠው። ፈጥነው የሚያረጋጉ አንዳንድ እንክብሎች ግን ሱስ የሚያስይዙ ስለሆኑ ከጎረቤት ተውሶ ወይም ያለ ትእዛዝ ገዝቶ መዋጥ አደጋ አለው። ጸሎትንና ጠበልን ከሕክምና ጋር አታጣሉ፤ ማንንም ቢሆን «እምነት ካለህ መድኃኒቱን ተው» አትበሉ። ሕይወቱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ የሚናገር ቢኖር ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም አድርሱት።

የካህናት ድርሻ በመጨረሻ የእኛው ነው። ምክር ስንሰጥ ሸክም እንዳንጨምር መጠንቀቅ አለብን። ለዚያች እናት የሰጠናት ምክር ከእውነት የራቀ ቃል አልነበረበትም፤ ነገር ግን ያለ ጊዜውና ያለ ቦታው ተነገረ፤ ከሕመሙ በላይ የበደለኛነት ስሜት አሸክመን ሰደድናቸው። ስለዚህ ይቅርታ ልንጠይቃቸው ይገባን ነበር።

ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ በዚያው አካባቢ ስናልፍ ስለ እናቲቱ ጠየቅን። በአንድ የመንግሥት ጤና ተቋም የምትሠራ ነርስ ሕመማቸውን ለይታ፣ ስሙን ነግራቸው፣ ሕክምና እንዲጀምሩ አድርጋ ነበር። «ይህ ሕመም ነው፤ አይገድልሽም፤ ይታከማል» የሚለው ቃል ብቻውን የሸክማቸውን ግማሽ እንዳነሣላቸው ለጎረቤት ተናግረዋል። ፈጽሞ ባይለቃቸውም ብቻቸውን ገበያ መውጣት ጀምረዋል። በሬው ግን አልተተካም። ልጁም ወደ ትምህርት ቤት አልተመለሰም፤ ከእኩዮቹ ጋር እረኝነት ላይ ነው አሉን።

ሕክምናው በመጀመሪያው ወር ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ በሬው በቤቱ፣ ልጁም በትምህርቱ በቆየ ነበር። ከዚያ ደጋ በታች በየቀበሌው ሌላ በሬ ዛሬም ለገበያ እየተነዳ ይሆናል። በሚቀጥለው ጉባኤያችሁ ከመጸለያችሁ በፊት በቀበሌያችሁ ከቅሬ፣ ከወንፈል ወይም ከገበያ የቀረ ሰው ማን እንደ ሆነ እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ፤ ከጸለያችሁም በኋላ ሁለት ሆናችሁ ወደ ቤቱ ሂዱ። የመጽናናት አምላክ ከእናንተ ጋር ይሁን።